ታንክ ብቻ የሚስለው ልጅ

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። የእህቴ ልጅ ጦርነቱ ከነበረበት አካባቢ መጥቶ እኛ ጋ ነው የሚኖረው፣ 10 ዓመቱ ነው። ደብተሩን ስገልጠው ታንክና የሚቃጠል ቤት ብቻ ነው ያለው። ጎረቤቴ እርሳሱን ቀሚው፣ ክፉ ነገር ያስታውሰዋል ትለኛለች፣ መምህርቱ ደግሞ ለወላጆች ቀን ግድግዳ ላይ እንስቀለው አለች። ማናቸውን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጎረቤትሽ ለልጁ አስባ ነው ግን እርሳሱን እንዳትነጥቂው። ጦርነቱን ጭንቅላቱ ውስጥ የከተተው እርሳሱ አይደለማ! በ2005 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የሰብዓዊ መብት ድርጅቱ የሂዩማን ራይትስ ዎች ሰዎች ቻድ ውስጥ ከሱዳኗ ዳርፉር ጦርነት የተሰደዱ ቤተሰቦችን ሲያናግሩ ልጆቹ እንዳይሰለቹ ብለው ወረቀትና ከለር ሰጧቸው፣ ይሄን ሳሉ ያላቸው ሰው ሳይኖር ልጆቹ ቦምብ የሚጥል አንቶኖቭ አውሮፕላን፣ በፈረስና በግመል የመጣ ታጣቂ፣ የሚነድ ጎጆ ስለው አረፉት። በ2007 ደግሞ ሌላ ድርጅት የሰበሰበው 500 የዳርፉር ልጆች ስዕል ሄግ ላለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ቀርቦ እንደ ደጋፊ ማስረጃ ተይዟል።

እኔ ግን በዚህ ነገር ሁሌ ትዝ የምትለኝ ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ ናት። የቪየና ሰዓሊ ነበረች፣ በ1942 መጨረሻ ናዚዎች አይሁዶችን ወደሚያጉሩበት ቴሬዚን ወሰዷት፣ እዛ በየክፍሉ ለታጎሩት ልጆች በድብቅም በግልጽም ስዕል ታስተምር ጀመር። ወረቀት የለም፣ የቢሮ ፎርም ጀርባ ላይ ነው የሚስሉት፣ ቀደው ይለጥፋሉ። የሚገርመኝ ግን ያያችሁትን መከራ ሳሉ እያለች አታስጨንቃቸውም፣ አበባ ሊሆን ይችላል፣ የድሮ ቤታቸው ሊሆን ይችላል። በጥቅምት 1944 የናዚዎች የሞት ካምፕ ወደነበረው አውሽቪትዝ ተወስዳ ተገደለች፣ አብዛኞቹ ልጆችም አልተረፉም። 4,500 ገደማ ስዕል ግን በሁለት ሻንጣ ተደብቆ ተርፎ ዛሬ ፕራግ የአይሁድ ሙዚየም ውስጥ አለ።

ስለዚህ ወረቀት ጨምሪለት፣ ከጎኑ ቁጭ በይ፣ ቡናሽን እየጠጣሽም ይሆናል። ቀይ ቀለም ደም ነው ጥቁር ሐዘን ነው የሚለውን የፌስቡክ ትንታኔ ተዪው፣ "እዚህ ጋ ያለው ማነው?" ብለሽ ጠይቂው፣ ካልመለሰ ዝም በይ። ዋናው የምታይው ነገር ስዕሉ መለወጡን ነው። ከታንኩ ጎን አንድ ዛፍ፣ አንድ ሰው፣ የሚሸሽበት መንገድ ምናምን ብቅ ካለ ደስ ይበልሽ፣ ነገሩ እየተላወሰ ነው። ወር ሙሉ ያው አንድ ስዕል ሆኖ ስሎ ሲጨርስም ይበልጥ የሚጨነቅ ከሆነ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ በር ሲንኳኳ ከደነገጠ፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ ከጀመረ ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ውሰጂው፣ አማኑኤል የሚሄደው እብድ ብቻ ነው የሚለውን ወሬ አትስሚ።

የመምህርቷን ነገር እኔ አልወደድኩትም። ፍሪድል ልጆቹን ስዕላቸው ላይ ስማቸውን አስጽፋቸው ነበር፣ ሰው ሁሉ ቁጥር በተሰጠበት ቦታ። የአንቺም ልጅ ስዕል የሱ ነው፣ የመምህርቷም የአንቺም አይደለም። "ሰው እንዲያየው ትፈልጋለህ?" በይው። እምቢ ካለ ደብተሩ ቦርሳው ውስጥ ይቀመጣል፣ ቴሌግራም ላይም አይለጠፍም።