ከዓመታት በኋላ ወደ እንጦጦ ጫካ ለሚመለስ ሯጭ

ወንድሜ፣ በ20ዎቹ ዕድሜህ ትሮጥበት የነበረውን የእንጦጦ ጫካ መንገድ ለጥምቀት ስትመጣ ደግመህ መሮጥ እንደምትፈልግ፣ ዕድሜህ 46 እንደደረሰ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በሳምንት አራት ቀን ሜዳ ላይ እንደምትሮጥና የምትቆየው ሦስት ሳምንት እንደሆነ ጽፈሃል። ይቻላል። ዳገቱን ፈርተሃል፤ ሰውን የሚጎዳው ግን ይበልጥ ቁልቁለቱና የድሮ ፍጥነቱ ትዝታ ነው።

አዲስ አበባ ራሷ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ማርያም አካባቢ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ያለው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። «እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ» ብሎ መተማመን አያዋጣም፤ ዝቅተኛ ቦታ ለዓመታት የኖረ ሰው ደሙ ያንን መላመድ ትቶታል፣ ቀይ የደም ሴል ደግሞ በቀናት ሳይሆን በሳምንታት ነው የሚጨምረው። ቨርጂኒያ ላይ በ5 ደቂቃ ተኩል የምትጨርሰው ኪሎ ሜትር እንጦጦ ላይ 7 ደቂቃና ከዚያም በላይ ቢወስድብህ ደክመሃል ማለት አይደለም። ሰዓትህን ቤት ትተህ በትንፋሽህ ተመራ፦ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጥ መናገር ካቃተህ ፈጥነሃል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እግር ጉዞ ብቻ። እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ ራስም ሊያምህ ይችላል፤ ውኃ ጠጣ። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ከተማ ውስጥ ሜዳ ፈልገህ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሶምሶማ ሩጥ። ጃንሜዳን በከተራና በጥምቀት ሰሞን አታስበው፤ የታቦታቱ ማደሪያ ነው። ሳምንት ሲሞላህ በመኪና እንጦጦ ወጥተህ የድሮ መንገድህን በእግርህ ተጓዘው፣ ሩጫው ይቆይ። ይህን ቀን አትዝለለው። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ነገር ተቀይሯል፤ በትዝታህ ያለው መታጠፊያ አሁን አጥር ወይም የተነጠፈ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ጫካው ውስጥ ከሁሉ በላይ ጉቶ ተጠንቀቅ። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ዙሪያ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ያ ቡቃያ ሲቆረጥ ደግሞ ርዝመቱ ጣት የማያክል ስለታም ቅሪት ይተዋል፤ እሱንም ሣርና የደረቀ ቅጠል ይሸፍነዋል። በጥር ቅጠሉ ደርቆ ስለሚያንሸራትት እርምጃህን አሳጥር፣ እግርህን ከወትሮው ከፍ አድርገህ አንሳ። አትሌቶቹ በዛፎቹ መሀል በሰልፍ ዚግዛግ የሚሮጡት ተዳፋቱን ለማለዘብ ጭምር ነው፤ አንተም ቀጥታ ወደ ላይ አትጋፈጠው። ሶሉ ወፍራምና ለስላሳ የሆነ የአስፋልት ጫማ በተዳፋት ላይ ቁርጭምጭሚት ያጥፋል፤ ጥርስ ያለውና ዝቅ ያለው ይሻልሃል።

ቁልቁለቱን በልክ ጀምረው። ስትወርድ የጭንህ ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ክብደትህን የሚይዘው፤ ሕመሙም ወዲያው አይሰማህም፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው ደረጃ መውረድ የሚያቅትህ። በመጀመሪያው የእንጦጦ ሩጫ ቁልቁለቱ ከ10 ደቂቃ አይብለጥ፣ የቀረውን በመኪና ውረድ። ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ ብቻ እየሮጥክ፣ ሕመም ከሌለህ አምስት አምስት ደቂቃ ጨምር። ዳገቱ ደግሞ ባትህንና የተረከዝህን ጅማት ይስባል፤ ጅማት ከልብና ከሳንባ ዘግይቶ ነው የሚጠነክረው። ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ ከተረከዝህ በላይ ያለው ጅማት ገትሮ ከያዘህ የዚያን ቀን ዳገት ይቅር።

ሳይነጋ አትውጣ፤ በጥር ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ነው፣ ጅብም አለ። ብቻህን አትሂድ። እንጨት የተሸከሙ እናቶች ሲመጡ ጭነቱ ወደ ጎን ስለሚረዝም ጠባቡን መንገድ ይሞላዋል፤ ቀድመህ ወደ ዳር ውጣና አሳልፋቸው፣ እነሱ ሸክም ይዘው መጠምዘዝ አይችሉም።

ከመምጣትህ በፊት የደም ግፊትህንና ልብህን ተመርመር። ሩጫ ላይ ደረትህን ከጨመቀህ፣ ወይም የራስ ምታቱ ማስታወክና መንገዳገድ ካስከተለ፣ ቆም ብለህ አትጠብቅ፤ ወዲያው ወርደህ ሐኪም ቤት ሂድ።

ከመመለሻህ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ረጅም ቁልቁለት አትሩጥ፤ ጭንህ እያመመህ ረጅም በረራ ላይ መቀመጥ ከባድ ነው።