ከጅማ ዱባይ ስትሄጂ ብሩ የሚባክነው ገና ሳትነሺ ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ከጅማ ተነስተሽ ዱባይ ያለችውን እህትሽን ለአንድ ወር ልትጠይቂ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነም ወጪውና እንግልቱ እንዴት ይቀንስልኝ ነው ያልሽው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች አብዛኞቹ ርካሽ ዕቃ የት እንደሚገኝ ነው የነገሩሽ፣ እሱም ጥሩ ነው። እኔ ግን ለንግድ ስመላለስ የታዘብኩት፣ የብዙ ሰው ብር የሚያልቀው ዱባይ ገበያ ሳይደርስ መሆኑን ነው። በችኮላ በተቆረጠ ትኬት፣ በደላላ ቪዛ፣ በሻንጣ ኪሎ፣ አዲስ አበባ ላይ ያለ ዕቅድ በሚታደር ሌሊት ያልቃል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፣ ታገሺኝ።

ከቪዛው ልጀምር። የዱባይ የጉብኝት ቪዛ ኤምባሲ ደጅ ተሰልፈሽ የምትወስጂው አይደለም። በአየር መንገድ፣ በሆቴል፣ ፈቃድ ባለው የጉዞ ወኪል ወይም እዚያ በሚኖር ዘመድ በኩል ነው የሚጠየቀው። መጀመሪያ እህትሽን ጠይቂያት። የመኖሪያ ፈቃድ ካላትና የገቢ መስፈርቱን ካሟላች ራሷ በኢንተርኔት ማመልከት ትችላለች። መሀል ላይ የሚገባ ሰው ሁሉ የራሱን ቆርጦ ነው የሚያስተላልፍልሽ። እሷ ካልቻለች ወኪል ጋ ትሄጃለሽ፣ ግን በቴሌግራም የተላከልሽን ፎቶ ብቻ አይተሽ ቪዛው ወጥቷል ብለሽ እንዳትተማመኚ። የቪዛው ትክክለኛነት በኤምሬቶች የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ላይ ይታያል፣ እህትሽ ከዚያው ሆና ታረጋግጥልሽ። እሱ ሳይረጋገጥ ትኬት አትቁረጪ። ፓስፖርትሽም ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው ይሁን። አንድ ነገር ደግሞ ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ፦ በጉብኝት ቪዛ ሥራ መሥራት አይቻልም። «አንቺ ብቻ ግቢ፣ ሥራውን እዚያ እናስተካክላለን» የሚል ሰው ከመጣ ስልኩን ዝጊበት። ቪዛው ካለፈ በኋላ ለምታሳልፊው ለእያንዳንዱ ቀን 50 ድርሃም ቅጣት አለ፣ ሳታስቢው ይከመራል።

ትኬቱን ከጅማ እስከ ዱባይ በአንድ ላይ ቁረጪ። ብዙ የኛ ሰው የጅማን ለብቻ፣ የዱባይን ለብቻ ይገዛል። ክረምት ላይ ጅማ ኤርፖርት ደመናው ወርዶ በረራው ሲዘገይ ነው ልዩነቱ የሚገባሽ። ትኬቱ አንድ ከሆነ አየር መንገዱ በሌላ በረራ ያሳፍርሻል፣ ለየብቻ ከሆነ ግን የዱባዩ ጥሎሽ ይሄዳል፣ ማስቀየሪያውም ከኪስሽ ነው። ሻንጣሽም ጅማ ላይ ተመዝኖ እስከ ዱባይ እንዲላክ መጠየቅ ትችያለሽ፣ ቦሌ ላይ ከመጎተት ያድንሻል። በመኪና ነው የምሄደው ካልሽ ደግሞ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በበረራሽ ቀን በፍጹም እንዳትነሺ። ጊቤ በረሃ ላይ አንድ ከባድ መኪና መንገድ ከዘጋ ቀኑ እዚያው ያልቃል። ቀድመሽ ግቢና ዘመድ ቤት እደሪ። ቦሌ አካባቢ ያለ ሆቴል የአንድ ሌሊት ዋጋ ከጅማ ሆቴል ጋር አይገናኝም።

አሁን ሰው የሚያቃልለው ነገር ይኸውልሽ፣ ቀንና ሰዓት። ትኬት ላይ ያለው ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ትኬት ቆራጩን «ጥር 10» ብትዪውና እሱ ጃንዋሪ 10 ብሎ ቢሞላው ስምንት ቀን ቀድሞ ለሚነሳ በረራ ነው የቆረጠልሽ፣ የኛ ጥር 10 አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ጃንዋሪ 18 ነውና። የሌሊት በረራ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ትኬቱ «ረቡዕ 00:40» ካለ በኛ አነጋገር ማክሰኞ ሌሊት 6:40 ማለት ነው። ማክሰኞ ማታ 3:40 ላይ ቦሌ መድረስ አለብሽ ማለት ነው። ረቡዕ ነው ብሎ ረቡዕ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ የመጣ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፣ አውሮፕላኑ ከሄደ ውሎ አድሯል። ቀኑንም ሰዓቱንም በኛ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጻፊና ለሚሸኝሽ ሰውም ስጪው። ስምሽ ፓስፖርቱ ላይ በእንግሊዝኛ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል መመሳሰሉንም ከመክፈልሽ በፊት እዪው። ከተከፈለ በኋላ ማስተካከል ሌላ ወጪና ሌላ ምልልስ ነው።

ዶላሩን ከባንክ ግዢ። ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዘሽ ነው የምትሄጂው። መጠኑ ስንት እንደሆነ ያኔውኑ ባንክሽን ጠይቂ፣ መመሪያው ይቀያየራል። ጅማ ያለው ቅርንጫፍ ጥሬ ዶላሩ በዕለቱ እጁ ላይ ላይኖረው ስለሚችል ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ የመጨረሻው ቀን ላይ ተሯሩጠሽ ብላክ ማርኬት እንዳትገቢ። የባንኩ ደረሰኝ ቦሌ ላይ ሲጠይቁሽ የምታሳዪው ነው፣ ከፓስፖርትሽ ጋር አንድ ላይ ያዢው። ኖቱን ሲሰጡሽ እዚያው ቆመሽ አገላብጪ። የተቀደደ፣ የተጻፈበት ወይም በጣም አሮጌ እትም ከሆነ ውጭ ያሉ መንዛሪዎች ሊመልሱብሽ ይችላሉ። ብር ይዘሽ ሄደሽ እዚያ እመነዝራለሁ ብለሽ ግን አታስቢ።

ዱባይ ላይ መመንዘር ቀላል ነው፣ ድርሃም ከዶላር ጋር ቋሚ ምጣኔ ስላለው። 1 ዶላር 3.67 ድርሃም ነው። ስለዚህ ለ100 ዶላር ከ367 ብዙ የራቀ ከሰጡሽ «ሹክራን» ብለሽ ቀጣዩ ጋ ሂጂ። ኤርፖርት ውስጥ የመጀመሪያውን ቀን የሚያንቀሳቅስሽን ብቻ መንዝሪ፣ ቀሪውን ከተማ ውስጥ። ከባንክ የዶላር ካርድ ካወጣሽ ደግሞ ማሽኑ «በካርድሽ ገንዘብ ይቆረጥ ወይስ በድርሃም?» ብሎ ሲጠይቅሽ ሁልጊዜ ድርሃምን ምረጪ። ሌላውን ከመረጥሽ በራሱ ምጣኔ አስልቶ ይቆርጥብሻል።

ወደ ሻንጣው ልምጣ። ቦሌ ፍተሻ ላይ ያየኋት አንዲት እናት ትዝ ትለኛለች። ለልጇ የያዘችውን የጌራ ማር በፕላስቲክ ዕቃ ሞልታ፣ ክዳኑን በፌስታል ጠቅልላ በጎማ አስራ፣ በእጅ ሻንጣዋ ከታዋለች። ፈታሹ ልጅ በትህትና ነው የነገራት፣ «እማማ፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አያልፍም።» እሷ ደግሞ «ማር እኮ ነው ልጄ፣ ውሃ መቼ ሆነ» እያለች ፌስታሉን ፈትታ ልታቀምሰው ሞከረች። ትልቁ ሻንጣዋ አስቀድሞ ገብቷል፣ የሸኟትም ሰዎች ሄደዋል። ማሩ እዚያው ቀረ። ማርም ይሁን ሌላ የሚፈስ ነገር ትልቁ ሻንጣ ውስጥ፣ በሁለት በሦስት ፌስታል ታስሮ ነው የሚሄደው። ፓወር ባንክ ግን ተቃራኒው ነው፣ በእጅ ሻንጣ ብቻ። በኢኮኖሚ የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው። የትልቁ እንደ ትኬትሽ ስለሚለያይ ትኬቱ ላይ የተጻፈውን አንብቢና ጅማ እያለሽ መዝኚው። ትርፍ ኪሎ ካለሽ ቀድመሽ በኢንተርኔት መግዛት ካውንተር ላይ ከመክፈል ይረክሳል።

የአደራ ዕቃ ነገር ደግሞ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ልትሄጂ ነው ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ለልጁ፣ ለእህቱ ትንሽ ነገር ይዞ ይመጣል። ባህላችን ነው፣ እምቢ ማለት ይከብዳል። ግን ኤርፖርት ላይ ሻንጣው ያንቺ ነው፣ ውስጡ ያለውም ያንቺ ነው። የታሸገ ነገር አትቀበዪ። በርበሬም ይሁን ሽሮ፣ ባለቤቱ ፊት ክፈቺው፣ እጅሽን አስገብተሽ እዪው፣ ከዚያ ራስሽ እሸጊው። የሚቀየም ይቀየም። ጫት እዚህ ጅማ ከቡና ቀጥሎ የሚቀርብ ተራ ነገር ነው፣ ኤምሬቶች ውስጥ ግን ሕገወጥ ዕፅ ነው። ደርቆ ተፈጭቶ «ሻይ ነው» ተብሎ ቢሰጥሽም ያው ነው፣ የሚያስከትለው እስራት ነው። መድኃኒትም እንዲሁ። ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው ማስታገሻዎች እዚያ ቁጥጥር ያለባቸው ስለሆኑ ያለ ቅድመ ፈቃድ አይገቡም። የራስሽን መድኃኒት ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር ያዢ፣ የሌላ ሰው መድኃኒት ግን ማንም ቢለምንሽ አትውሰጂ።

ቦሌ ላይ የት እንደምትሄጂና ማን ጋ እንደምታርፊ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። የመመለሻ ትኬትሽን፣ ቪዛሽን፣ የእህትሽን መታወቂያ ኮፒና አድራሻ በወረቀት አትመሽ ያዢ። ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ ወረቀት አያልቅም።

ስትደርሺ ዋትሳፕና ቴሌግራም ላይ ጽሑፍ ይሠራል፣ የድምፅ ጥሪ ግን እዚያ አገር ተዘግቷል። እናትሽ ስልክሽ ሲጠፋ እንዳትደነግጥ ከመሄድሽ በፊት እሷም አንቺም ቦቲም የሚባለውን አፕ ጫኑና ተሞካከሩበት። እህትሽ መጥታ ካልወሰደችሽ ሜትሮ አለ። ከተርሚናል 1ና 3 ቀዩ መስመር በቀጥታ ወደ ዴራ በኩል ይሄዳል። የሜትሮ መክፈያው ኖል ካርድ 25 ድርሃም ነው፣ 19ኙ ውስጡ ያለ ሂሳብ ነው። ሻንጣ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ብቻ ይፈቀዳል። ሜትሮ ውስጥ መብላት፣ መጠጣት፣ ማስቲካ ማኘክ 100 ድርሃም ያስቀጣል። ሜትሮው እሁድ የሚጀምረው በዱባይ ሰዓት ጠዋት 8:00፣ በኛ አነጋገር 2 ሰዓት ስለሆነ ሌሊት ከደረስሽ ታክሲ ነው፣ ከኤርፖርት የሚነሳው ቆጣሪ ገና ሳይንቀሳቀስ 25 ድርሃም ነው። የኤሌክትሪክ ሶኬታቸው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፣ አዳፕተር ከዚሁ ይዘሽ ሂጂ።

ገበያውን እህትሽ ታሳይሻለች፣ እሱን አላስረዝመውም። አንድ የማይታወቅ ነገር ግን አለ። ዕቃ ላይ 5 ከመቶ ቫት ይከፈላል፣ ጎብኚ ከሆንሽ ደግሞ ከ250 ድርሃም ጀምሮ በአንድ ሱቅ ስትገዢ አብዛኛው ይመለስልሻል። ሱቁ በዚህ አሠራር የተመዘገበ መሆን አለበት፣ ሳትከፍዪ በፊት ጠይቂና ፓስፖርትሽን አሳዪ። ስትመለሺ ኤርፖርት ላይ ሻንጣውን ከማስገባትሽ በፊት ነው የሚረጋገጠው፣ ዕቃውን እናየው ሊሉሽ ስለሚችሉ። ለጥቂት ካልሲ አይደክሙበትም፣ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ከገዛሽ ግን ይጠቅማል።

ዋጋው እንዳይወጣብሽ ትኬቱን ቶሎ አስቢበት፣ በተለይ ለበዓል ሰሞን ከሆነ። ከመክፈልሽ በፊት የፓስፖርትሽን ቁጥር ሸፍነሽ የትኬቱን ስክሪንሾት በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ስሙንና ቀኑን አብረን እናያለን። የጫማ ሱቄ እዚሁ ጅማ መርካቶ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሁሌ አለሁ፣ ሻንጣ መመዘኛውም እዚያው ስላለኝ ሳትነሺ አንድ ቀን ይዘሽው ነይ።