ጥያቄና መልስ፦ «ጥፋቱ የኔ ነው?»

ከመሀል ሜዳ አንዲት እናት ጽፋልናለች። የመጀመሪያ ልጇ በስምንተኛ ቀኑ ሲገረዝ ደሙ አልቆም ብሎ አደረ። አሁን ድክ ድክ ይላል፤ በወደቀ ቁጥር ጉልበቱ ያብጣል። ወንድሟም በልጅነቱ ደም ፈሶት ነው የሞተው። አማቷ «ከእናንተ ቤት የመጣ ነው» ይሏታል። አሁን ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። «ጥፋቱ የኔ ነው?» ትላለች።

አይደለም፣ እህቴ። የጻፍሽው ሄሞፊሊያ ይመስላል። ደም እንዲረጋ የሚያደርግ ፋክተር 8 ወይም ፋክተር 9 የሚባል ፕሮቲን ሲያንስ የሚመጣ ችግር ነው። የሁለቱም ጂን (ከወላጅ የሚወረሰው መመሪያ) ያለው ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም፣ ማለትም ጂኖችን በተሸከመው ክር ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ብዙውን ጊዜ ይሸፍንላታል። ወንድ ያለው አንድ ብቻ ነው። ወንድምሽም ልጅሽም ይህ ካለባቸው አንቺ ተሸካሚ ነሽ (አንዱ ኤክስሽ ላይ የተበላሸ ጂን አለ) ማለት ነው። የምትወልጂው ወንድ ከሆነ የመታመም ዕድሉ ግማሽ ነው፤ ሴት ከሆነች ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ግማሽ ነው። እጣው በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይወጣል። ይህን አንቺ አልመረጥሽም፣ እናትሽም አልመረጡም። አማትሽ ይህን ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል።

አሁን የምልሽን ግን ለነገ አትበዪ። ልጁን ይዘሽ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሂጂ፤ የደም መርጋት ምርመራ ጠይቂ፤ ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ይጻፍልሽ። እስከዚያ አስፕሪንና ዲክሎፌናክ አይቅመስ። መርፌ ሊወጋ ሲል አስቀድመሽ ተናገሪ። እንጥል ማስቆረጥ፣ ጥርስ ማስነቀል የሚባል ነገር አይታሰብ። ራሱን ከተመታ ደህና ቢመስልም እንኳ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰጂው። የምትወልጂውም ወንድ ከሆነ ደሙ ሳይመረመር አይገረዝ። የንስሐ አባትሽን ከወዲሁ አነጋግሪ።

ከሸዋ ሮቢት፦ አራት ሴቶች ልጆች አሉት፤ ዘመዶቹ «ወንድ የምትወልድ ፈልግ» እያሉት ነው።

ወንድሜ፣ ሚስትህ የምትሰጠው ኤክስ ብቻ ነው። ወንድ የሚያደርገው ዋይ የሚባለው ክሮሞዞም ያለው አንተ ጋ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ኔቲ ስቲቨንስ ይህን በጥንዚዛ ላይ አይታ የጻፈችው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም ሴት በዚህ ትፈታለች። እናደዳለሁ። ሌላ ብታገባም ዋዩን ይዘህ የምትሄደው አንተው ነህ።

ከዚያው ከተማ፦ ወንድ የሚያስወልድ መድኃኒት አለ ወይ?

የለም። ገንዘብዎን አያባክኑ።

ከእነዋሪ፦ ልጁ የባቄላ እሸት በልቶ በማግስቱ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሽንቱም ኮካ መሰለ።

የጂ6ፒዲ ኢንዛይም እጥረት ሊሆን ይችላል። እሱም በኤክስ የሚወረስ ነው፤ እጥረቱ ያለበት ሰው ባቄላ ሲበላ ቀይ የደም ሴሎቹ ሊፈርሱ ይችላሉ። ጉበትም ዓይን ቢጫ ያደርጋልና ሳይመረመር አይታወቅም። ውጤቱ እስኪታወቅ ባቄላ ይቅርበት። ዳግም ካየህበት ያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ውሰደው። ቆላ ወርዶ ወባ ቢይዘውም ፕሪማኩዊን ከመዋጡ በፊት ይህን ለሐኪሙ ተናገር፤ ያው መድኃኒት ደሙን ሊያፈርሰው ይችላል።

ከደብረ ብርሃን፦ ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ተማሪ «ይድናል ወይ?» ይላል። የእናቱ አባትም እንዲሁ ነበሩ።

ሲወለዱ ጀምሮ ከሆነ አይድንም፤ አይብስምም። ከአያትህ በእናትህ በኩል መጥቷል፤ ለመምህርህ ንገረውና ትምህርትህን ቀጥል።