ባዝራችሁ መውለጃዋ ሲቃረብ

ልጆቼ፣ ላም ስትወልድ አይታችሁ ባዝራንም፣ ሴቷን ፈረስ፣ በዚያው ትዕግሥት አትጠብቁ። ላም ምጧ ረዘም ቢል ጥጃዋን ልታተርፍ ትችላለች፤ ባዝራ ግን የእንሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ በኋላ ውርንጭላው በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልወጣ ሊታፈን ይችላል። ደብረ ብርሃንም ሆነ መንዝ ሐኪም ቤታችሁ እስኪደርስ ሰዓቱ ያልፋል። ስለዚህ ሥራው ቀድሞ ይጀመር።

ድንጉላው ያጠቃበትን ቀን ጻፉ። እርግዝናው በአማካይ 340 ቀን ነው፤ ጥቅምት 1 ቀን የተጠቃች መስከረም 6 ገደማ ትጠበቃለች። በ320ም በ365ም ቀን የምትወልድ አለች። ፅንሱ ከግማሽ በላይ ክብደቱን የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ስለሆነ ያኔ ጭድ ብቻውን አይበቃትም። ከጥሩ ድርቆሽ ጋር በቀን አንድ ኪሎ ያህል ገብስ ወይም ፉርሽካ በሁለት ጊዜ ስጧት፣ ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ፤ በድንገት ከበዛባት ቁርጠት ይይዛታል። ክረምት ያሻገተው ድርቆሽ ሊያስወርዳት ስለሚችል አይቅረባት። ከጋሪና ከጭነት አሳርፏት፣ ግን አስራችሁ አታቁሟት።

በምትወልድበት ጋጣ አንድ ወር ቀድማ ትግባ፤ የዚያን ቦታ ጀርም የሚከላከለውን ነገር በእንገሯ ለልጇ ታስተላልፋለች። በየጎኑ 4 ሜትር ገደማ ስፋት፣ ደረቅና ወፍራም ጉዝጓዝ ይኑረው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ እርጥብ ውርንጭላ እርጥብ መሬት ላይ ከወደቀ ቶሎ ይደክማል።

ግቷ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቀድሞ ይሞላል፣ የጭራዋ ሥር ይላላል፤ ጡቷ ጫፍ ላይ እንደ ማር ያለ ሰም ካያችሁ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀርቷታል። ሰሙ ሳይታይ የምትወልድም አለች። ብዙዎቹ የሚወልዱት ሌሊት ነው፤ ሰው ከተሰበሰበባት ምጧን ልታቆየው ስለምትችል ራቅ ብላችሁ ጠብቁ።

በትክክል ሲመጣ ሁለት የፊት እግሮች ሰኮናቸው ወደ ታች ዞሮ፣ አፍንጫውም በላያቸው ተኝቶ ይታያል። አንድ እግር ብቻ ከታየ ወይም ሰኮናው ወደ ላይ ከዞረ አትጎትቱ። ምጡ ፋታ እንዲሰጥ አስነስታችሁ እያራመዳችሁ ሐኪም ጥሩ። ነጭ ሽፋን በጎ ነው። እንደ ከፋይ ያለ ቀይ ሽፋን ቀድሞ ከወጣ ግን የእንግዴ ልጁ ከማህፀን ተላቋል፣ ውርንጭላው አየር አጥቷል ማለት ነው፤ ያኔ ማንንም ሳትጠብቁ ሽፋኑን ቅደዱና ከምጧ ጋር እኩል ሳቡት።

እትብቱ ራሱ ይበጠስ፣ ከዚያ አዮዲን ንከሩት። ውርንጭላው ከተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቆማል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠባል፤ የእንግዴ ልጁም በሦስት ሰዓት ውስጥ ይወጣል። ከዘገየ ድንጋይ አታንጠልጥሉበት፤ ተቀዶ ማህፀን ውስጥ የቀረ ቁራጭ መርዞ እስከ ሰኮናዋ ድረስ ያሳምማታል። እንዳትረግጠው ቋጥራችሁ ሐኪም ጥሩ። ሲወጣም ዘርግታችሁ ጫፎቹ መሙላታቸውን እዩ። ውርንጭላው ለመቆም ከደከመ እንገሩን አልባችሁ በጡጦ ስጡት፣ መጥባት ከቻለ ብቻ። ከተወለደ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ አንጀቱ የእንገሩን መከላከያ የመውሰድ አቅሙ እየቀነሰ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል።