ለጋብቻ በዓል ናፓ ወይስ ሶኖማ? ስለ ማረፊያ ምርጫ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ናፓ ሸለቆ ውስጥ እንግዶችን ከማረፊያቸው አንስቶ ዋይነሪዎችን (ወይን ጠጅ የሚጠመቅባቸውንና የሚቀመስባቸውን ቦታዎች) ማዞር ነው። ጠዋት በር ላይ ስቀበላቸው ማን ደህና እንደተኛ፣ ማን ሌሊቱን ሲገላበጥ እንዳደረ ገና መኪና ውስጥ ሳይገቡ ይታወቀኛል። ለጋብቻ በዓላቸው ማረፊያ የሚፈልጉ ብዙ ሰዎች ስለጠየቃችሁኝ እዚህ አንድ ላይ ልመልስ። ዓመቱና ወሩ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ 10ኛ ዓመታችን ነው፣ ያለን ሁለት ሌሊት ብቻ ነው። ናፓ ይሻላል ሶኖማ?

እንኳን አደረሳችሁ! መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል፤ በሁለት ሌሊት ሁለቱንም አያለሁ ብላችሁ አትነሱ። በመሃል የማያካማስ ተራራ አለ፣ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቅባችኋል።

ናፓ ጠባብና ረጅም ሸለቆ ነው፣ 48 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሁለት መንገዶች፣ ሃይዌይ 29 እና ሲልቨራዶ ትሬይል፣ ከታች እስከ ላይ ስለሚወስዷችሁ መጥፋት የለም። በ1976 ፓሪስ ላይ በተደረገው ስም የተሸፈነበት የወይን ጠጅ ቅምሻ የናፓዎቹ ዋይነሪዎች የሻቶ ሞንተሌና ሻርዶኔ (ነጭ ወይን) እና የስታግስ ሊፕ ካበርኔ (ቀይ ወይን) የፈረንሳዮቹን በልጠው አንደኛ ከወጡ ወዲህ ዓለም ሁሉ ወደዚህ ይጎርፋል፣ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ጎረቤቱ ሶኖማ ሰፊና የተበታተነ ነው። ከቀይ ወይኖቹ ፒኖ ኗር የምትወዱ ወደ ራሺያን ሪቨር፣ ዚንፋንዴል የምትወዱ ወደ ድራይ ክሪክ ነው የምትሄዱት፤ ሂልድስበርግ ከተማ ካደራችሁ ሁለቱም ቅርብ ናቸው፣ ማታ ደግሞ አደባባዩ ዙሪያ በእግር ወጥታችሁ ትበላላችሁ። የመጀመሪያ ጉዟችሁ ከሆነና ጥሩ እራት ከወደዳችሁ ናፓ። ናፓን ካያችሁት፣ አሁን ጸጥታ ካማራችሁ ሂልድስበርግ።

ጥያቄ፦ ናፓ ካልን የትኛዋ ከተማ እንደር?

የኔ መለኪያ አንድ ነው፤ ከእራት ወደ አልጋችሁ በእግር መሄድ መቻል አለባችሁ። ቀን ስትቀምሱ ውላችሁ፣ እራት ላይ ጠርሙስ ከፍታችሁ፣ በጨለማ መንገድ መሪ መያዝ የሚያስብ ሰው አይኑር። ለሚነዳ ሰው የሕጉ ገደብ በደም ውስጥ 0.08 በመቶ አልኮል ነው፣ ግን ከገደቡ በታች ብሆንስ የሚለው ስሌት ራሱ ምሽቱን ያበላሻል፤ አንዳችሁ ብርጭቆ እየቆጠራችሁ በዓል አይከበርም። በስልክ የሚጠራው ታክሲ ደግሞ ናፓ ከተማ ውስጥ ይገኛል፣ ወደ ላይኛው ሸለቆ ስትወጡ ግን ማታ እየሳሳ ይሄዳል።

በዚህ መለኪያ ያንትቪል አንደኛ ናት። ትንሽ ናት፣ ሁሉ ነገር በእግር ነው፣ የታዋቂው ሼፍ የቶማስ ኬለር ምግብ ቤት ፍሬንች ላውንድሪም እዚያው ነው (ቦታ ቀድሞ መያዝ ግዴታ ነው፣ ሳታገኙ ብትቀሩም አትዘኑ፣ በዙሪያው ጥሩ ምግብ ሞልቷል)። ሴንት ሄሌና አንድ ዋና መንገድ ያላት ረጋ ያለች ከተማ ናት። ካሊስቶጋ ጫፍ ላይ ናት፣ ፍልውሃ አላት፣ በጋ ላይ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ቀኑ ይሞቃል። ናፓ ከተማ ከሌሎቹ ሰፋ ትላለች፣ ብዙ ጊዜም ዋጋዋ ይቀላል፤ ዛሬ ማረፊያ የሆኑት አሮጌዎቹ የቪክቶሪያ ዘመን (የ19ኛው ክፍለ ዘመን) ቤቶች የሚገኙትም በብዛት እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የወይን ማሳ የሚያሳየው ክፍል በሌሊት 150 ዶላር ይጨምራል። ያዋጣል?

መቼ እንደምትመጡ ሳልሰማ አዎ ማለት አልችልም። ይህን ማንም ስለማይነግራችሁ ትንሽ ላብራራው።

ጸደይ ላይ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ለጋው ቡቃያ በውርጭ እንዳይቃጠል ገበሬዎቹ ማሳው መሃል ግንድ በሚያህል ብረት ላይ የቆሙ ትላልቅ ማራገቢያዎች አሏቸው። ብርዱ ሲጠና፣ ሌሊት ዘጠኝና አስር ሰዓት ላይ ይነሳሉ። ሥራቸው ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ወደ መሬት ማውረድ ነው፤ ድምፃቸው ሄሊኮፕተር ጣሪያችሁ ላይ የቆመ ያስመስለዋል፣ ፀሐይ እስክትወጣም አያቆሙም። ሁሌ አይደለም፣ ብርዳማ ሌሊት ላይ ብቻ ነው፣ ግን ያ ሌሊት የናንተ ሊሆን ይችላል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ደግሞ መከር ነው። ወይኑ ቀዝቀዝ እንዳለ እንዲነሳ ብዙዎቹ የሚለቅሙት በሌሊት ነው፣ ትራክተር አለ፣ ሜዳውን ቀን የሚያስመስል መብራት አለ፣ ሠራተኞቹም እየተጠራሩ ነው የሚሠሩት። እኔ በበኩሌ ይህን በመስኮት ማየት ደስ ይለኛል፣ ለማረፍ የመጣ ሰው ግን ላይወደው ይችላል።

ስለዚህ ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። መስኮቱ ስንት ሜትር ላይ ነው ከማሳው? ማራገቢያ በአቅራቢያ አለ? በክፍሉና በማሳው መካከል ሃይዌይ 29 ያልፋል? ሦስተኛው ላይ ዝም ካሉ ወይም ካድበሰበሱ መልሱን አገኛችሁት። ሰኔና ሐምሌ ላይ ከሆነ ግን ጭማሪውን ክፈሉ፣ ያዋጣል። ከጥር እስከ መጋቢትም ወይኑ ቅጠል ባይኖረውም በመደዳዎቹ መካከል ቢጫ የሰናፍጭ አበባ ስለሚሞላ ፎቶ ለሚወድ ሰው ከበጋው አይተናነስም።

ጥያቄ፦ የድሮው የቪክቶሪያ ቤት ወይስ ለብቻዋ የቆመች ትንሽ ቤት?

ለጋብቻ በዓል ለብቻዋ የቆመችው። ጎረቤት በግድግዳ የለም፣ ቁርስ በር ድረስ ሊመጣ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ምድጃም አላት። የቪክቶሪያ ቤቶቹ ውብ ናቸው፣ እግር ያለው መታጠቢያ ገንዳ፣ ባለቀለም መስታወት፣ ሰፊ በረንዳ። ነገር ግን እንጨት ናቸው። ደረጃው ይጮኻል፣ ፎቅ ላይ የሚራመደው ሰው ከናንተ ጋር ያደረ ያህል ይሰማል፣ ቁርስ ደግሞ አንዳንዶቹ ዘንድ ከማታውቋቸው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ነው። ይህ የሚመቸው ሰው አለ፣ ጨዋታ የሚወድ። ከመረጣችሁት ላይኛው ፎቅ ጥግ ላይ ያለውን ክፍል ለምኑ።

ጥያቄ፦ በድረ ገጽ ልያዝ ወይስ ልደውል?

ደውይ እህቴ። ዋናው ምክሬ ይህ ነው፤ ማረፊያውን ብቻ ሳይሆን ክፍሉን ምረጡ። በትናንሽ ማረፊያዎች አንዱ ክፍል ከሌላው ይለያያል፤ ብዙዎቹ ለየክፍሉ ስም ይሰጣሉ፣ በስሙ ጠይቂ። በደላላ ድረ ገጽ የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው የተረፈው ክፍል ነው። የጋብቻ በዓል መሆኑንም ንገሪያቸው፣ ማፈር አያስፈልግም፣ ከልባቸው ደስ ብሏቸው የሚያዘጋጁ ብዙ ናቸው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚለጠፈው ዋጋ ግዴታ የሆኑ ክፍያዎችን ሁሉ ማካተት አለበት፤ ታክሱ ግን ለብቻው ይመጣል፣ 12 በመቶና ከዚያ በላይ አስቢ። ከዚያው ወር ጀምሮ ሌላም ሕግ አለ፤ ከመግቢያው ቀን ቢያንስ 72 ሰዓት ቀድመሽ ከያዝሽ፣ ማረጋገጫው በደረሰሽ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ትችያለሽ። ስለዚህ ጥሩ ክፍል ካገኘሽ መጀመሪያ ያዢው፣ ከባልሽ ጋር በዚያው ማታ ተማከሩ። ቅዳሜና እሁድ ላይ ቢያንስ ሁለት ሌሊት የሚሉ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ የትኛው ወር ነው የሚቀለው?

ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ በሳምንቱ መሃል። ዝናብ አለ፣ ግን ዋጋው በደንብ ይወርዳል፣ ቅምሻ ላይም የሚያስተናግዳችሁ ሰው ቁጭ ብሎ ያጫውታችኋል። በግንቦት መጨረሻ የቦትልሮክ ሙዚቃ ፌስቲቫል ሰሞን ናፓ ከተማን እርሷት። መከር ላይ ከመጣችሁ ደግሞ ስለ እሳት አስቡ፤ 2017 እና 2020 ላይ ሸለቆው ክፉኛ ተቃጥሏል፣ ማረፊያዎችም ወድመዋል። ጭስ ወይም የመልቀቅ ትዕዛዝ ቢመጣ ገንዘባችሁን ይመልሱ እንደሆነ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አልኮል አትጠጣም። ምን ልናደርግ ነው የምንመጣው?

ወንድሜ፣ ካሊስቶጋ ውሰዳት። ፍልውሃ ገንዳ ያለው ማረፊያ ምረጥ፣ በእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራው የጭቃ መታጠቢያም እዚያ ነው (ነፍሰ ጡር ከሆነች ጭቃው ይቅር)። ከናፓ እስከ ያንትቪል የብስክሌት መንገድ አለ፣ ሜዳ ስለሆነ አያደክምም። ጎህ ሲቀድ የሚነሳ የአየር ባሉንም አለ፤ እሱን ካሰብክ ግን መነሻው የት እንደሆነ ጠይቀህ በአቅራቢያው እደሩ፣ ምክንያቱም ከጨለማ ነው የምትነሱት።

ጥያቄ፦ ልጅ ይዘን መምጣት እንችላለን?

ከትናንሾቹ ማረፊያዎች ለአዋቂ ብቻ የሆኑ አሉ። ገንዘብ ሳትከፍሉ ጠይቁ። ሆቴሎቹ ብዙ ጊዜ ይቀበላሉ።

ጥያቄ፦ በቀን ስንት ዋይነሪ?

ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት። ናፓ ውስጥ ከ1990 ወዲህ በካውንቲው ፈቃድ የተከፈቱት በቀጠሮ ብቻ ነው የሚያስተናግዱት፣ ዘው ብሎ መግባት የለም። የመጨረሻውን ቀጠሮ ለማረፊያችሁ ቅርብ አድርጉት፣ ከእራት በፊት አንድ ሰዓት ጋደም ትላላችሁ።

ጥያቄ፦ ለሚስቴ ሰርፕራይዝ ነው። እንዳትነቃብኝ?

ሲደውሉልህ የሚያገኙህ በራስህ ስልክ ብቻ መሆኑን አስመዝግብ፣ ኢሜይሉም አብራችሁ የምትከፍቱት አይሁን። ብዙ ማረፊያዎች ከመግቢያው ቀን ቀደም ብለው ማስታወሻ ይልካሉ፣ ብዙ ሰው የሚነቃበት በዚያች ማስታወሻ ነው። የጋራ የባንክ ካርድ ካላችሁም መያዣው ወዲያው ይቆረጥ ወይስ ስትገቡ ብለህ ጠይቅ።