ኦሊቨር ኔልሰን ሳክስፎኑን ለፊልም ሲል ተወው?

ጥያቄ፦ በአዳማ ከተማ የምኖር የሳክስፎን ተማሪ ነኝ። አስተማሪዬ ኦሊቨር ኔልሰን የተባለ አሜሪካዊ ካዘጋጀው የልምምድ መጽሐፍ በየሳምንቱ አንድ ገጽ ይሰጠኛል። በቅርቡ ይኸው ስም «የስድስት ሚሊዮን ዶላሩ ሰው» በተባለው የድሮ ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ላይ በሙዚቃ ደራሲነት ተጽፎ አየሁ። ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው? ከሆኑስ፣ እንዲህ ያለ የጃዝ ሰው መሣሪያውን አስቀምጦ ወደ ቴሌቪዥን የገባው ለገንዘብ ብሎ ነው? አስተማሪዬ «ተሰጥኦውን አባከነው» ይላሉ። የእናንተን አስተያየት ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አዎ፣ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። የአስተማሪዎን ቅሬታ ከየት እንደ መጣ እንረዳለን፤ የኔልሰንን ሳክስፎን አንድ ጊዜ በቅጡ የሰማ ሰው ተጨማሪ ለመስማት መመኘቱ አይቀርምና። «አባከነው» በሚለው ግን አንስማማም፤ ምክንያታችንን ለማስረዳትም ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኔልሰን በ1932 በሚዙሪ ግዛት በሴንት ሉዊስ ከተማ ከሙዚቀኛ ቤተሰብ ተወለደ። ፒያኖ በ6 ዓመቱ፣ ሳክስፎን በ11 ዓመቱ ጀመረ፤ ገና በጉርምስናውም በከተማው አካባቢ ከሚዞሩ የዳንስ ባንዶች ጋር ይሠራ ነበር። በ1950 ወደ ሉዊስ ጆርዳን ባንድ ሲገባ ሥራው አልቶ ሳክስፎን መጫወትና ለባንዱ ማቀናበር፣ ማለትም ዜማውን ለየመሣሪያው ከፋፍሎ መጻፍ ነበር። ይህችን ነጥብ ልብ ይበሉልን፤ ማቀናበሩ ከመጫወቱ ጋር ጎን ለጎን ያደገ ሙያው እንጂ ኋላ ለእንጀራ ብሎ የያዘው አይደለም። በ1952 በባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ተመድቦ ወደ ጃፓንና ኮሪያ በሄደበት ጊዜ የቶኪዮ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ያቀረበውን የፈረንሳዊውን የሙዚቃ ደራሲ የራቬልን ሥራ ሰማ፤ ለትልቅ ኦርኬስትራ የመጻፍ ፍላጎቱም ከዚያ ወዲህ ጠነከረ። ከጦሩ ሲመለስ በሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም በዚያው ግዛት በሊንከን ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ድርሰት ተምሮ በ1958 ተመረቀና ወደ ኒው ዮርክ አቀና።

አስተማሪዎ የሚያዝኑለት ሳክስፎን በጎላ የሚሰማው የካቲት 1961 በኒው ጀርሲ በሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ በአንድ ቀን በተቀዳው አልበም ላይ ነው። ፍሬዲ ሃባርድ ትራምፔት፣ ኤሪክ ዶልፊ አልቶ ሳክስፎንና ፍሉት፣ ቢል ኢቫንስ ፒያኖ፣ ፖል ቼምበርስ ባስ፣ ሮይ ሄይንስ ድራም፣ ጆርጅ ባሮ ባሪቶን ሳክስፎን ይዘው ተሰበሰቡ፤ ኔልሰን የ28 ዓመት ወጣት ነበር። የመጀመሪያው ሥራ «ስቶለን ሞመንትስ» ነው። ዋናው ዜማ 16 ባር (ባር ማለት ጥቂት ምቶችን የያዘ የሙዚቃ ክፍፍል ነው) ሲሆን፣ ሶሎዎቹ፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጫዋች በተራው ጎልቶ የሚጫወትባቸው ክፍሎች፣ ግን በ12 ባር የብሉዝ ቅርጽ ላይ ይሄዳሉ። ሃባርድ በደማቅ ድምፅ ይከፍታል፣ ዶልፊ በፍሉት ይከተላል፤ ከእነዚህ ሁለት ፈጣን ጣቶች በኋላ ኔልሰን ከአልቶው ወፈር ያለ ድምፅ ያለውን ቴነር ሳክስፎኑን ይዞ ሲገባ አንዲት አጭር ሐረግ ያነሣል፣ ይደግማታል፣ ጥቂት ይለውጣታል፣ ደግሞ ይመለስባታል። ችሎታ ለማሳየት የሚቸኩል ሰው እንዲህ አይጫወትም። ይህ ሶሎ ወረቀት ላይ ተቀምጦ፣ አስቦ፣ ሰርዞ የሚጽፍ የሙዚቃ ደራሲ አጨዋወት ነው።

በዚያው ሥራ ላይ ሌላ የምንወደው ሰው አለ፤ ባሪቶን ተጫዋቹ ጆርጅ ባሮ። በአልበሙ ሁሉ አንድም ሶሎ አልተሰጠውም። ሆኖም ዋናው ዜማ ሲመጣ ትራምፔቱ ከላይ ሲመራና ሳክስፎኖቹ ተደራርበው ሲከተሉት፣ ከሥር ያንን ሁሉ የተሸከመው የባሮ ባሪቶን ነው። እርሱ ቢወጣ ዜማው ሳይነካ ይቀራል፣ ያ ሁላችንም የምናውቀው ጥልቅ ድምፅ ግን አብሮት ይሄዳል። በሀገራችን የካሴት ሽፋን ላይ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ተብሎ ሦስተኛ ሆኖ የሚጻፈው ሙያ ማለት ይኸው ነው፤ አድማጩ ስሙን ሳያነብ የሚያልፈው፣ ነገር ግን ጆሮው ላይ የሚቀረውን ድምፅ የሚሠራው ሰው።

ይህ ጆሮ ብዙ ፈላጊ አገኘ። በ1962 የኦርጋን ተጫዋቹ ጂሚ ስሚዝ የአንድ ፊልም ዋና ዜማ የነበረውን የኤልመር በርንስታይንን «ዎክ ኦን ዘ ዋይልድ ሳይድ» በኔልሰን ቅንብር፣ በትልቅ ባንድ ታጅቦ ተጫወተው፤ ከጃዝ አድማጮች ክበብ አልፎም ተደመጠ። በ1966 ሳክስፎን ተጫዋቹ ሶኒ ሮሊንስ ለፊልም የደረሰውን «አልፊ» የተባለ ሙዚቃ በአልበም ሲያስቀዳ ያቀናበረለት ኔልሰን ነበር። በ1972 «ላስት ታንጎ ኢን ፓሪስ» ለተባለው ፊልም ዜማውን የደረሰውና ሳክስፎኑን የተጫወተው አርጀንቲናዊው ጋቶ ባርቢየሪ ሲሆን፣ በዙሪያው ያለውን ኦርኬስትራ የጻፈው ኔልሰን ነው። ራሱ ሳክስፎን ተጫዋች የሆነ ሰው ለሌላ ሳክስፎን ተጫዋች ሲጽፍ፣ ተጫዋቹ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ ያውቃልና ኦርኬስትራውን በዚያች ቅጽበት ያስገባዋል።

አስተማሪዎ ፊልም ከሳክስፎን ነጠቀው ይሉ ይሆናል። ግን በ1964 በተቀዳውና የ1961ዱ ተከታይ በሆነው አልበም ላይ ኔልሰን ጻፈ፣ አቀናበረ፣ መራ እንጂ ሳክስፎን አልያዘም። ኑሮውን ወደ ሎስ አንጀለስ ያዞረው ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1967 ነው። መሣሪያውን ለሌሎች መስጠት የጀመረው ሆሊውድን ከማየቱ በፊት ነበር ማለት ነው።

በሎስ አንጀለስ ያገኘው ሥራ ምን ይመስል እንደ ነበር በጥቂቱ እናሳይዎት። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ይሄዳል፤ በየ12 ፍሬሙ አንድ ምት ቢቆጠር በደቂቃ 120 ምት ይሆናል። 40 ሰከንድ የሚፈጅ የማሳደድ ትዕይንት በዚህ ፍጥነትና በአራት ምት ባር ቢጻፍ 20 ባር ይወጣዋል። በ31ኛው ሰከንድ በር ተበርግዶ የሚከፈት ከሆነ፣ የትራምፔቶቹ ጩኸት በ16ኛው ባር ሦስተኛ ምት ላይ ማረፍ አለበት፤ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ተመልካቹ ይስቃል። እንዲህ ያለ ሥራ ለተከታታይ ፊልም ሲሆን ቀጠሮው አጭር ነው፤ ክፍሉ የሚተላለፍበት ቀን አይጠብቅም። ኔልሰን በዚህ ሁኔታ ለ«አይረንሳይድ»፣ ለ«ኮሎምቦ»፣ እርስዎ ስሙን ላዩበትም ተከታታይ ጻፈ፤ በ1969 ደግሞ «ዴዝ ኦቭ ኤ ገንፋይተር» ለተባለ የካውቦይ ፊልም ሙዚቃ ሠራ።

ገንዘቡ ምክንያት አልነበረም አንልም። ቤተሰብ ያለው ሰው ነበር፤ በዚያ ዘመን ከጃዝ ክለብ የሚገኘው ገቢም ከስቱዲዮው ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን የሆሊውድ የሙዚቃ ክፍል ለጥቁር ደራስያን በቀላሉ የሚከፈት በር እንዳልነበረ መዘንጋት የለበትም። ከእርሱ ቀድሞ ሌላው ታላቅ ሳክስፎን ተጫዋችና አቀናባሪ ቤኒ ካርተር፣ ኋላም ክዊንሲ ጆንስ ያንን በር ገፍተዋል፤ ኔልሰንም ከገፉት አንዱ ነው። እኛን የሚያሳዝነን ሌላ ነገር ነው፤ ጥቅምት 1975 በልብ ድካም በድንገት ሲሞት ገና 43 ዓመቱ ነበር። የጎደለን ተሰጥኦው ሳይሆን ዕድሜው ነው።

ሳክስፎኑንም ፈጽሞ አልተወውም። በሞተበት ዓመት በ1975 መጀመሪያ ላይ «ስቶለን ሞመንትስ»ን እንደገና ሲያስቀዳ በ1961 ቴነር የነበረው በእጁ አልቶ ሆኖ ነበር። ሁለቱን ቅጂዎች አከታትለው ቢያዳምጡ አንድ ደራሲ የገዛ ዜማውን ከ14 ዓመት በኋላ ምን እንዳደረገው ይሰማሉ።

ስለ ልምምድ መጽሐፉ አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። መጽሐፉ የወጣው በ1966 ነው፤ ኔልሰን ግን እንዲህ ያሉ ልምምዶችን መጻፍ የጀመረው በተማሪነቱ ነው። ከ1961ዱ አልበም ላይ «ካስኬድስ» የተባለውን ሥራ ያውጡ፤ መነሻው እርሱ ራሱ ተማሪ ሳለ ለሳክስፎን የጻፈው ልምምድ ነው። በዚህ ሳምንት የተሰጠዎትን ገጽ ከመጀመርዎ በፊት እርሱን ሁለት ሦስት ጊዜ ያዳምጡ፣ ቢቻል ከአስተማሪዎ ጋር ሆነው።