መልስ፦ ሆት ዶጉ ላዩ ያርራል፣ ውስጡ ግን ጣዕም የለውም

እህቴ፣ በኤር ፍራየር (በሙቅ አየር መጥበሻ) የጠበስሽውን ሆት ዶግ (ቋሊማውን) ያሳረረው ከመጀመሪያው የቀባሽው ማር ነው። ጣዕሙ ያልገባው ደግሞ ድፍኑን ስለዘፈዘፍሽው ነው። ዙሪያውን በየ1 ሳንቲ ሜትሩ በሰያፍ ብጪው፤ በጣም ከጠለቀ ግን ሲጠበስ ሊበጣጠስ ይችላል። መዘፍዘፊያው ለ8 ፍሬ፦ 2 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሰናፍጭና ኮምጣጤ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 2 ፍልቃቂ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት። ጨው በፍጹም! ሚጥሚጣ ካማረሽም ጨው ያልገባበትን። ፍሪጅ ውስጥ 1 ሰዓት ቢዘፈዘፍ ይበቃዋል።

ከዚያ በሶፍት ጠረግ አድርጊው፤ እርጥቡን ካስገባሽው ላዩ አይጠበስም፣ የሚንጠባጠበውም ይጨሳል። ኤር ፍራየሩን በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቂና ሳትደራርቢ 6 ደቂቃ ጥበሺ፤ መሃል ላይ ገልብጪው። ማሩን 1 ደቂቃ ሲቀረው ቀቢ። ዳቦውም ያኔ ቢገባ ይደርሳል።